የጣሳ ሥጋው ነው ወይስ የነጥብ ደብተሩ? በጦርነት ዘመን ራሽን ላይ የተነሳ ሙግት

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይኼን ክር (ተከታታይ ውይይት) የከፈተው ልጅ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ፈርዶ ነው የመጣው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝን ከረሃብ ያወጣት የአሜሪካ የጣሳ ሥጋ ነው ይላል። ስፓም የሚባለው ይኼ የጣሳ ሥጋ ባይኖር ኖሮ ለንደን እጇን ትሰጥ ነበር፣ የሚቃወም ካለ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ ባይ ነው። የራሱ ማስረጃ ሁለት ነው። አሜሪካ በማርች 1941 ሌንድ ሊዝ የሚባለውን ሕግ አውጥታ ለእንግሊዝና ለሌሎች አጋሮቿ መሣሪያና ምግብ በመርከብ ማጓጓዝ ጀመረች። የሶቭየት መሪ የነበሩት ክሩሽቼቭም ያለ ስፓም ሠራዊታችንን መመገብ ያቅተን ነበር ብለው በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ከስሩ የሰማያዊ ጣሳ ፎቶ ለጥፎ ሄደ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንዱ በኛ ነው በነሱ እያለ ሰዉን ሲያደርቅ ስለዋለ አስቀድሜ ልናገር።)

1ኛው ምላሽ የጨዋ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ለጽሑፉ አመስግኖ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል አለ። ራሽን ከስፓም ይቀድማል። ጃንዋሪ 8 ቀን 1940 ቤከን (የአሳማ ሥጋ)፣ ቅቤና ስኳር በራሽን ደብተር ሆኑ፤ ሥጋ በማርች ተከተለ። ያኔ ሌንድ ሊዝ የሚባል ነገር በወሬ ደረጃም አልነበረም። ሥጋው ደግሞ እንደሌላው በሚዛን ሳይሆን በገንዘብ ነበር የሚታደለው፤ መጀመሪያ ለአንድ ሰው በሳምንት የአንድ ሽልንግ ከአስር ፔንስ፣ በኋላ ዝቅ ብሎ የአንድ ሽልንግ ከሁለት ፔንስ። ርካሽ ብልት የመረጠ ጠቀም ያለ ይዞ ይወጣል፤ ለስላሳ ካልሆነ አልበላም ያለ ደግሞ በጣቱ የሚያነሳት ይዞ ይሄዳል።

2ኛው አንድ መስመር ነው። ስፓም አሳማ መሆኑን ከፋቹ ያውቃል ወይ?

3ኛው ሳቀ። 4ኛው ግን አልሳቀም፤ ቁምነገር ይዞ መጣ። ነገሩ የአሳማ ትከሻና ሃም፣ ጨው፣ ውሃ፣ ስኳርና ሶዲየም ናይትራይት ነው፤ ሆርሜል የተባለው ድርጅት በ1937 ሚኒሶታ ውስጥ ኦስቲን በምትባል ከተማ ማምረት የጀመረው። ሥጋው የሚበስለው ጣሳው ከታሸገ በኋላ ስለሆነ ያኔ ሲከፈት ዙሪያውን የረጋ ጄሊ ለብሶ ይወጣ ነበር። ወታደሩ ስፓም እያለ ሲራገምበት የኖረው ሥጋ ግን አብዛኛው የሆርሜል ስፓም እንዳልነበረ ጨመረ። ጦሩ ለራሱ የሚያስመርተው፣ በትልልቅ ጣሳ የሚመጣ ሌላ የአሳማ ሥጋ ነበር፤ ስሙ ግን በስፓም ላይ ቀረ። ይኼን ሳነብ ስፓምን ትንሽ አዘንኩለት።

5ኛዋ እንግሊዝ አገር በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እህት ናት። እሷ የምትጦራቸው እናት በጦርነቱ ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ስለ ጣሳ ሥጋ ተጠይቀው ትከሻቸውን ነቅንቀው ስለ ዳቦ ማውራት ጀመሩ። ነጩ ዳቦ ጠፍቶ አመድማው የመንግሥት ዳቦ መጣ፤ ማንም አልወደደውም፣ ማንም ግን ጾሙን አላደረም። ዳቦና ድንች በጦርነቱ ዘመን ያለ ደብተር ነበር የሚሸጠው። ዳቦ በራሽን የሆነው ሰላም ከወረደ በኋላ፣ በጁላይ 1946 ነው። እኚህ እናት ዛሬም የቅቤ መጠቅለያ ወረቀት አይጥሉም። በቢላዋ ጀርባ ፍቀው ፍቀው፣ አራት አጥፈው ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ኬክ ሲጋገር መጋገሪያውን የሚያሹት በዚያ ነው። ልጆቻቸው ሲጥሉባቸው ያኮርፋሉ አለች። በሳምንት የአንድ ሰው የቅቤ ድርሻ አንዳንዴ 57 ግራም ብቻ እንደነበረ ካወቁ በኋላ ኩርፊያው ይገባል።

ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደግሜ ያነበብኩት 6ኛውን ነው። ሰውየው የሂሳብ ሠራተኛ ይመስለኛል። ጣሳው ራሱ ወሬ አይደለም ይላል፤ ወሬው እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። ስኳር፣ ቅቤ፣ ሻይ ለሁሉም እኩል ይታደላል፤ ትንሽም ቢሆን ለያንዳንዱ የሚደርስ አለና። ሰዉ በአንድ ባለሱቅ ዘንድ ይመዘገባል፣ ባለሱቁም በተመዘገበለት ደንበኛ ልክ ዕቃ ይላክለታል። የጣሳ ሥጋና የጣሳ ዓሣ ግን ለሁሉም የሚበቃ አልነበረም። አንዱን ጣሳ ለአስር ሰው ማደል አይቻልም። ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ሰልፍ ለመቆም ጊዜ ያለው ይጠርገዋል፤ ፋብሪካ ስትሠራ የዋለችው እናት ስትደርስ አልቋል። ስለዚህ ዲሴምበር 1 ቀን 1941 ነጥብ መጣ። ለያንዳንዱ ሰው በአራት ሳምንት 16 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ጣሳ ሲገዛ ገንዘቡንም ነጥቡንም ይከፍላል። ከሌላው ራሽን የሚለየው፣ በነጥብ የፈለጉት ሱቅ ገብቶ የፈለጉትን መምረጥ መቻሉ ነው። መጀመሪያ ላይ የአራት ሳምንቱ ነጥብ የሚገዛው አንድ ጣሳ ሥጋ ወይም ዓሣ ነበር፤ አይ ላለ ደግሞ 8 ፓውንድ አተር ክክ፣ ወደ ሦስት ኪሎ ተኩል።

ብልሃቱ ደግሞ ከዚህ ይጀምራል። የምግብ ሚኒስትሩ ሎርድ ዉልተን የትልልቅ መደብሮች ሥራ አስኪያጅ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሸማች እንዴት እንደሚያስብ ያውቃሉ። ሳልሞን ቶሎ ቶሎ ካለቀ ነጥቡ ከፍ ይላል፤ ማንም ያልነካው ነገር ካለ ነጥቡ ይወርዳል። የገንዘብ ዋጋው ሳይነካ ሰዉ ራሱ ከሳልሞኑ ወደ ባቄላው ይዞራል። ሎርዱም የጽዳት ሠራተኛዋም እኩል 16 ነጥብ ነው ያላቸው። ሰውየው ሲጨርስ ከፋቹን አንድ ነገር ጠየቀው። ያው ጣሳ ያለ ነጥብ ሱቅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ማን ይበላው ነበር? ለኔ ጥያቄው እዚሁ ላይ ተመልሷል። ክሩ ግን ገና መጀመሩ ነው።

7ኛዋ ክኩን አይታ ዘለለች። ሦስት ኪሎ ተኩል ክክ በአንድ ጣሳ አሳማ! ሐበሻ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱን ሙሉ በክክ ወጥ ያልፈው ነበር አለች፤ የሁዳዴን ጾም ደግሞ ማንም አይቀማንም ነበር።

8ኛው ደስታዋን አፈር አስበላው። ሽንኩርትስ ብሎ ጠየቃት። እንግሊዝ ሽንኩርት የምታስመጣው ከፈረንሳይ ብሪታኒና ከቻናል ደሴቶች ነበር፤ በ1940 ሁለቱም ጀርመን እጅ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት እንደ ወርቅ ሆነ፤ በየመሥሪያ ቤቱ በአንድ ራስ ሽንኩርት ሎተሪ ይወጣበት ነበር። ያለ ሽንኩርት የክክ ወጥ እስቲ ሠርተሽ አሳይን አላት። እሷም ሳታመነታ የሚያለቅስ ምልክት ላከች። 9ኛው በርበሬውንስ ከየት ልታመጡ ነው ብሎ ገባ፣ 10ኛዋ አልጫ ይሁንልን አለች፤ ክሩ ወደ ማዕድ ቤት ዞረ።

11ኛው ተቆጣ። ሰው የሞተበትን ጦርነት ቀልድ አደረጋችሁት፣ እዚህ የምንመጣው ለመማር ነው ብሎ ሁሉንም ገሠጸ። ከገሠጸ በኋላ ራሱ የነገረን ነገር ግን ከሁሉም በላይ የሚያስቅ ነው። ኤልሲ ዊዶውሰንና ሮበርት ማካንስ የሚባሉ ሁለት የካምብሪጅ ሳይንቲስቶች ጦርነቱ እንደጀመረ፣ ከውጭ የሚገባው ምግብ ክፉኛ ቢቀንስስ ብለው ራሳቸው ላይ ሞከሩት። ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ጥቂት ሥጋ፣ ጥቂት ወተት፣ የቀረውን ዳቦ፣ ድንችና ጎመን እየበሉ ወራት ከረሙ። ከዚያ በክረምቱ ሌክ ዲስትሪክት ወደሚባለው ተራራማ አገር ወጥተው፣ በዚያ በረዶ ተራራ ለተራራ ሲማስኑ ሰነበቱ። ጉልበታቸው አልደከመም። የደረሰባቸው ችግር የሆድ ንፋስ፣ ሲበሉ ረጅም ሰዓት መፍጀትና ሽንት ቤት መመላለስ ብቻ ነበር። ኋላ ዳቦው ውስጥ ካልሲየም የተጨመረው በነዚህ ሰዎች ምክር ነው። ለከፋቹ የሚመታ መልስ ነው መሰለኝ፤ ሥጋ በጣሳም ባይመጣ ሰዉ በዳቦና በጎመን ይቆም ነበር ማለት ነውና።

12ኛው የኔ ነው። ሁሉም ስለ ሥጋው ሲያወራ ስለ ጣሳው ማንም አላነሳም ብዬ ጻፍኩ። ጣሳ ብረት ብቻ አይደለም፤ እንዳይዝግ በቆርቆሮ ማዕድን ይለበጣል። የዚህ ማዕድን ዋና ምንጭ ማላያ (የዛሬዋ ማሌዢያ ክፍል) ነበረች። ጃፓን ማላያን ይዛ በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር ስትወድቅ አሜሪካ ራሷ ጣሳ አጠራት። በማርች 1943 አሜሪካኖችም የታሸገ አትክልትና ፍራፍሬ በሰማያዊ ነጥብ፣ ሥጋ ደግሞ በቀይ ነጥብ መግዛት ጀመሩ። የአሜሪካ እመቤቶች ባዶ ጣሳ አጥበው፣ ላይና ታቹን ቆርጠው፣ በእግራቸው ረግጠው ለጥ አድርገው ለመንግሥት ያስረክቡ ነበር። ማንም አልመለሰልኝም፤ አንድ ሰው ብቻ አውራ ጣት ሰጠኝ።

13ኛው ከኛ ሁሉ በዕድሜ ትልቅ ነው፤ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት የተማረ ሰው። ሁሉም አንቱ ነው ያሉት። ክሩሽቼቭ የተጠቀሱበትን ነገር አልካዱም፤ ግን ራሺያኖች ዘንድ ስሙ የገነነው ቱሾንካ ነው አሉ። በራሱ ጭማቂ የተቀቀለ የጣሳ ሥጋ ነው፣ የቅጠልና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ያለው። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በራሺያኖቹ አሠራር እየሠሩ ይልኩላቸው ነበር። ምዕራባውያን በጀርመን ላይ ሁለተኛ ግንባር እንከፍታለን እያሉ ዓመት ከዓመት ሲያስተላልፉ የሶቭየት ወታደሮች ጣሳውን እየከፈቱ ይኸው ሁለተኛውን ግንባር ከፈትን ይሉ ነበር። እሳቸው ተማሪ ሳሉ ዶርም ውስጥ ድንች ቀቅለው፣ አንድ ጣሳ ቱሾንካ ገልብጠውበት፣ አራት ሆነው ከአንድ መጥበሻ ይበሉ እንደነበር ጻፉ። ማንኪያ ሦስት ብቻ ነበረን አሉ።

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። መምህራቸው ሌኒንግራድ ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ከተማዋ በሴፕቴምበር 1941 ተከበበች። ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 ድረስ የወዛደር ድርሻ በቀን 250 ግራም፣ የሌላው ሁሉ፣ ሕፃንም ሽማግሌም፣ 125 ግራም ዳቦ ነበር። ያውም ዱቄቱ ከሌላ ነገር ጋር የተደባለቀ። ፒስካሪዮቭስኮዬ በሚባለው መቃብር ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በጅምላ ተቀብሯል፤ ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ዓመቱ ብቻ ነው። እንግሊዞች ስለ ራሽን ሲያማርሩ ስሰማ ያቺ ቁራሽ ዳቦ ትታየኛለች ብለው አቆሙ።

ለጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም።

14ኛዋ ስትገባ ግን በጥፊ ነው የገባችው። እናንተ ሰዎች የእንግሊዝን ፍትሕ እያወደሳችሁ እንግሊዝ ትገዛት የነበረችውን የህንዷን ቤንጋልን የት ጣላችሁት አለች። በዚያው በ1943፣ በዚያው በቸርችል መንግሥት ሥር፣ በቤንጋል ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አልቋል። በርማ በጃፓን ስትያዝ ይገባ የነበረው ሩዝ ተቋረጠ፤ ጃፓን እንዳትጠቀምበት ተብሎ የገበሬው ጀልባና ሩዝ ተወሰደ፤ የሩዝ ዋጋ ሰማይ ነካ። የእርዳታ እህል ይላክ ሲባል ለንደን መርከብ የለንም አለች። ነጥቡ፣ ደብተሩ፣ እኩልነቱ ለነጩ ብቻ ነበር፤ 6ኛው ወንድሜ ደግሞ ስለ ሎርዱና ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ ያወራልናል ብላ ጨረሰች።

ክርክሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። 6ኛው ተመልሶ መጣ (ይኼ 15ኛው ነው)። የጠየቃችሁኝን መለስኩ እንጂ ቅኝ ግዛትን አላወደስኩም አለ፤ ከቃላቱ ንዴቱ ያስታውቃል። የሷ ነገር ግን ከርዕስ የወጣ አይደለም። የቤንጋል ዋና ከተማ ካልካታ የነበረ ሹምና የጦር ፋብሪካ ሠራተኛ ቅድሚያ ሲያገኝ የገጠሩ ሰው መንገድ ላይ ወደቀ። ራሽን ማለት ማን ዝርዝሩ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ይኼን 6ኛውም ማለቱ ነበር፣ እሷም ማለቷ ነው፣ ሁለቱ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

16ኛው ከፋቹ ራሱ ነው፤ በመጨረሻ ተመለሰ። አንድ ነጥብ አስመዝግቧል፣ ልክደው አልችልም። እንግሊዝ ከጦርነቱ በፊት ከምትበላው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከውጭ ነበር የምታስገባው፤ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ ያንን መንገድ ነበር የሚያድኑት። ሥጋ በጣሳ ሲሆን አጥንት የለው፣ ማቀዝቀዣ መርከብ አይፈልግ፣ ከጥይት ሳጥን ጋር ይደረደራል። ከኡራጓይ ፍራይ ቤንቶስ ከምትባል ከተማ የሚመጣው የበሬ ሥጋ ጣሳም የሳምንቱ የሥጋ ድርሻ ውስጥ ተቆጥሮ ይታደል ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን የአሜሪካ ስፓም ያለው ሰውዬ ኡራጓይ ላይ መድረሱን ማንም ሳይነግረው አላለፈም።

17ኛው ወደ አገር ቤት መለሰን። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሰልፍ የቆመ ሰው እንግሊዝ ሄዶ መማር የለበትም አለ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት በቤተሰብ ቁጥር በደብተር ይሰጥ ነበር። እናቱ ደብተሩን ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ትቆልፈው እንደነበረ፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሰማው ወሬ ስኳር ገብቷል ወይ የሚል እንደነበረ ጻፈ። ድንጋይ አስቀምጠው ተራ ይይዙ ነበር፤ ድንጋዩ ሲሰረቅ ጠቡ። ወሳኙ ልዩነት ያለው ግን፣ ቀበሌው የሚወድህ ከሆነ ተራህ ይፈጥናል፣ ከጠላህ ስኳሩ ትናንት አልቋል።

18ኛው ደርግን በመሳደብ ዓለም አትሞላም፣ ያኔ ድሀውም ስኳር ቀምሷል አለ። 19ኛው ለ18ኛው የመለሰው ነገር እዚህ የሚደገም አይደለም፤ አስተዳዳሪው ግማሹን አጥፍቶታል። እንግሊዝም ቢሆን መላእክት አገር አልነበረም ብሎ አስተዳዳሪው ራሱ 20ኛውን ጻፈ፣ ነገሩን ለማብረድ መሰለኝ። ከባንኮኒ ስር የሚሸጥ ነበር፣ የሟች ደብተር ይዘው የሚገዙ ነበሩ። ምግብ ቤት ሲበሉ ደብተር ስለማይጠየቅ ገንዘብ ያለው ሆቴል እየሄደ ያገግም ነበር፤ ሰዉ ሲያጉረመርም በ1942 አንድ ምሳ ከ5 ሽልንግ አይለፍ የሚል ሕግ ወጣ። ሆቴሎቹ ታዲያ የወንበሩን፣ የሙዚቃውን እያሉ ለብቻ ያስከፍሉ ጀመር። ይኼ ነገር አዲስ አበባም የሚገባው ሰው ያለ ይመስለኛል።

21ኛው አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ጃንሆይ ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ስፓም ቀምሰዋል አለ። 22ኛዋ በቀን አስተካከለችው። ጃንሆይ ከ1936 ጀምሮ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት ኖረው በጁን 1940 ወደ ሱዳን ተነስተዋል። ሌንድ ሊዝ በማርች 1941 ነው። ያኔ ጃንሆይ ኢትዮጵያ ምድር ገብተው ነበር። ቅቤና ስኳር በራሽን የሆነባቸው ወራት ላይ እንግሊዝ ነበሩ፤ ቤከኑ ግን ቢቀርባቸውም አይጎድልባቸው። ይኼኛው ቀልድ ከቤተክርስቲያን ሰው የመጣ ስለሆነ 11ኛው እንኳ ዝም አለ።

23ኛው የቃኘው ሻለቃ ዘማች የልጅ ልጅ ነው። አያቱ ኮሪያ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተዋጉት፤ ስንቁም የአሜሪካ ነበር። ጣሳ ሲሰጣቸው ቶሎ አይከፍቱትም፤ መጀመሪያ ፊደል የሚያነብ ይፈለጋል። አሳማ ከሆነ ለአሜሪካኖቹ ይሰጥና በታሸገ የኮክ ፍሬ ወይም በብስኩት ይለወጣል። አያቱ ከጦርነቱ ወሬ ይልቅ የጣሳ ኮክ ሲያወሩ ነው የሚፈኩት አለ። 24ኛዋ ደቡብ ኮሪያ የምትማር ልጅ ናት፤ ከጦርነቱ በኋላ ኮሪያውያን ከአሜሪካ ጦር ሰፈር የሚወጣውን ስፓምና ቋሊማ በኪምቺና በሚፋጅ በርበሬ ቀቅለው ቡዴ ጂጌ የሚባል ወጥ እንደፈጠሩ፣ ዛሬ ሬስቶራንት ተከፍሎበት እንደሚበላ ነገረችን። እሷ አትበላውም። ቹንቾን ከተማ ያለውን የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ግን ሄዳ አይታለች።

25ኛው ቋንጣ እያለን ጣሳ ለምኔ አለ። አርበኛው በበሶ፣ በዳቦ ቆሎና በቋንጣ አምስት ዓመት ተዋግቷል። ትክክል ነው፤ ግን 26ኛው እንዳለው ቋንጣ ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ይፈልጋል፤ ማንቸስተር ውስጥ ሥጋ ብትሰቅል የሚደርቀው አንተ ነህ።

27ኛዋ የምግብ ደህንነት ባለሙያ ናት፤ ያነበብኳትም በደንብ ነው። ጣሳ ስለታሸገ ብቻ አትመኑት አለች። በ1964 ስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ከ400 በላይ ሰው በታይፎይድ ታመመ። ምንጩ ከአርጀንቲና የመጣ የበሬ ሥጋ ጣሳ ነበር። ሥጋው በደንብ በስሏል። ጉዳቱ የመጣው በማቀዝቀዣው ውሃ ነው። የጋለው ጣሳ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስፌቱ ላይ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ካለ የነካውን ውሃ ይመጥጣል። ውሃው ደግሞ ክሎሪን ያልነካው የወንዝ ውሃ ነበር። ከዚያ አንድ መደብር ጣሳውን ከፍቶ በመቁረጫ ማሽን ከተፈ፤ በዚያው ማሽን ሌላ ሥጋ ከተፈ፤ በሽታው ከአንድ ጣሳ ወደ ከተማ ወጣ። ያበጠ ጣሳ፣ ስፌቱ ላይ የተጨራመተ፣ የዛገ ካያችሁ ዋጋው ቢቀነስም አትግዙ አለች።

28ኛው ከኔታንያ ነው። በእስራኤል ጦር ውስጥ ሉፍ የሚባል ኮሸር (በአይሁድ ሥርዓት የተፈቀደ) የጣሳ ሥጋ ነበር፣ ወታደሩ ሁሉ እየሰደበ ይበላው የነበረ። አስመራ ውስጥም እስራኤሎች ኢንኮዴ የሚባል የሥጋ ፋብሪካ ኖሯቸው ጣሳ ወደ አገራቸው ይልኩ እንደነበር ጻፈ። የኛው አገር በሬ ነው እዚያ የሄደው ማለት ነው። 29ኛው ከአስመራ የመጣን በሬ የኛ ነው ስትል የማን ማለትህ ነው ብሎ ሊጀምር ሲል አስተዳዳሪው ያዘው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ እንግሊዝ ሥጋን ከራሽን ያወጣችው ጁላይ 4 ቀን 1954 መሆኑን ጻፈ፤ ራሽኑ ከጦርነቱ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል ማለት ነው፣ የቤት እመቤቶች ማኅበርም ትራፋልጋር አደባባይ ወጥቶ በዓል አድርጎበታል። ከፋቹ ይኼን አይቶ ታዲያ ነጥቡ ጥሩ ከነበረ ሲያበቃ ለምን ጨፈሩ አለ። 6ኛው እስካሁን አልመለሰለትም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከጅዳ ነው። አንዲት እህት ሐላል የበሬ ሥጋ ጣሳ ገዝታ የጣሳው መክፈቻ ቁልፍ ተሰበረባት፤ ግማሽ ድረስ ጠቅልላ ቀርታለች፣ ጣቷም ተቆርጧል። ስለ ጦርነት የሚያውቅ ሁሉ ዝም ሲል የአረጋውያን መጦሪያዋ እህት መለሰችላት። ጠባቡን ጎን ተዪው፣ ጣሳው እንዲያ ሰፋ ጠበብ ብሎ የተሠራው ሥጋው በሰፊው በኩል ሳይፈርስ እንዲወጣ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አቆይተሽ ሰፊውን ጎን በተራ መክፈቻ ክፈቺው፣ ጠባቡን አንድ ቦታ ብሺውና አራግፊው። ለጣትሽ መጀመሪያ ፕላስተር አድርጊ።